ሳይጠየቁ የተጻፉ ወራሾች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ሦስት ፎርም ሰጠችኝ። ሁለቱን ቶሎ ፈርሜ መለስኩላት። ሦስተኛው ላይ «ወራሽ» የሚል መስመር አለ። እሱ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጅቱ ዓይኔ የደከመ መስሏት፣ «ጋሼ ተስፋዬ፣ እኔ ልሙላልዎት? የባለቤትዎን ስም ልጻፍ?» አለችኝ። በደግነት ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ወረቀቱን ወደ ደረቴ ሳብኩት። «ተይው የኔ ልጅ፣ ቤቴ ወስጄ ተነጋግሬበት ነው የምሞላው» አልኳት። ሽማግሌው ሊሰናበት ሲል አመል አወጣ ሳትል አልቀረችም። ሃያ ስድስት ዓመት ባንክ የሠራ ሰው አንዲት መስመር ለምን እንደምታስፈራው ልነግራት ብጀምር ቢሮዋ እስኪዘጋ አልጨርስም ነበር። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

የተወለድኩት ጅግጅጋ ነው። አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነበር፤ እኔ ክፉና ደጉን ሳልለይ ሞተ። ወንድምም እህትም የለኝም። ሶማልኛ የተማርኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥና ስደባደብ ስለሆነ ዛሬም ስናደድ ቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው። ባንክ የገባሁት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በተላላኪነት ነው። የቀጠሩኝ ለትምህርቴ ብለው አይደለም፣ ለምላሴ ነው። ደንበኛው የሚናገረው ሶማልኛ፣ ፎርሙ የተጻፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ፤ መሃል ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለ ደመወዙ ምንም አልናገርም፣ ባለቤቴ ይህን ስታነብ ትስቅብኛለች።

የቁጠባ ክፍሉን ይመሩ የነበሩት አቶ ዘውዴ የሚባሉ የሐረር ሰው ናቸው። አጭር፣ ኮስታራ፣ ጠረጴዛቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ ያስቀመጠባቸውን ሰው ሳምንት ሙሉ የሚያኮርፉ። የማኅተም ቀለሙን መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው ነው የሚይዙት። ያን ጊዜ አብዛኛው ደንበኛችን የሚፈርመው በጣቱ ነበር። አቶ ዘውዴ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው ደንበኛው የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ወረቀቱን ወደ እሱ ያዞሩታል። ማንበብ እንደማይችል ያውቃሉ፤ ቢሆንም ያዞሩታል። በእኔ አስተርጓሚነት የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች ይነግሩታል። ከዚያ፣ «አሁን ደግሞ እሱ ይንገረኝ» ይላሉ። ደንበኛው የገባውን በራሱ አፍ ይናገራል። እሳቸው በምላጭ የሾለችውን እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አውርደው ያለውን ቃል በወረቀቱ ጀርባ ይጽፋሉ። ቀለሙ ከመሳቢያ የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ያበሳጨኝ ነበር። ሰልፉ በር ላይ ደርሶ እሳቸው ከአንድ ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አንድ ግመል ነጋዴ አዛውንት ለወንድማቸው ልጅ ውክልና ሊሰጡ መጡ። ወረቀቱ ተነበበላቸው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ምን እንደገባቸው ሲጠየቁ፣ «ልጁ ደብተሬን ቤት ድረስ እንዲያመጣልኝ ነው» አሉ። ወረቀቱ ግን ልጁ ያሻውን ያህል እንዲያወጣ የሚፈቅድ ነበር። አቶ ዘውዴ ቀለሙን ሳያወጡ መሳቢያቸውን መልሰው ቆለፉ። ልጁንም አልተቆጡትም። «እሱም አልገባው ይሆናል» አሉኝ ኋላ። «ሰው ጣቱን ሲያሳርፍ ተስማማ እንላለን። ምን ሰምቶ እንደተስማማ ግን ካልጠየቅነው አናውቅም።» ከዚያ ወዲያ ግማሽ ሰዓቱ አላበሳጨኝም።

በሐርተሼክ የስደተኛ ጣቢያ ዘመን በብረት ሳጥን ደመወዝ እየጫንን ለጣቢያው ሠራተኞች ስንከፍል የእሳቸውን ደንብ ከድንኳን ሥር ጠብቄአለሁ። ኤረር ተመድቤ በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት ደግሞ ደንበኛው ጥቂት ስለነበር ደንቡን መጠበቅ ቀላል ነበር፤ እንዲያውም ወሬ ያገኘ ሰው ሁሉ ረጅም ያወራልኛል። አቶ ዘውዴ ጡረታ ወጥተው ሐረር ገቡ። እኔም ደረጃ በደረጃ አድጌ ቀብሪበያ በተከፈተው ቅርንጫፍ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ሆንኩ። መሳቢያም ቁልፍም ተሰጠኝ።

ከዚያ የኤቲኤም ካርድ መጣ። ከዲስትሪክት የሚወርደው ኮታ ከባድ ነበር። በወር ይህን ያህል ካርድ ካልሰጠን ስማችን በስብሰባ ይነሣል። የካርዱ ፎርም ሁለት ገጽ አለው። ፊት ለፊቱ የካርድ ማመልከቻ ነው። ጀርባው የሕይወት ኢንሹራንስ ነው፤ ባንኩ ከአንድ የመድን ድርጅት ጋር ተዋውሎ በየወሩ ከደንበኛው ሒሳብ ትንሽ ገንዘብ ይቆረጥና ሰውየው ሲሞት ለወራሹ ይከፈላል። በፈቃደኝነት ነው ይላል ወረቀቱ። ዲስትሪክቱ ግን «ጥቅል አገልግሎት ነው፣ አትነጣጥሉት» አለን። እኔም አልነጣጠልኩትም። ቀለሙን ከመሳቢያ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ክፍቱን አስቀመጥኩት፣ ክዳኑንም የት እንዳደረስኩት አላውቅም። ወረቀቱ የሚዞረው ወደ እኔ ነው። ለደንበኛው የምነግረው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ላባ ሜሎድ»፣ ሁለት ቦታ። ቀኑን ሙሉ ላባ ሜሎድ፣ ላባ ሜሎድ ስል እውል ነበር። የቀብሪበያ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩኝ «ላባ ሜሎድ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር፤ እኔም ከእነሱ ጋር እስቅ ነበር።

በጀርባው ገጽ ላይ «ወራሽ» የሚል ሳጥን አለ። ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አይቀበልም። እያንዳንዱን ደንበኛ ስለ ሞቱና ስለ ወራሹ ልጠይቅ ብል በቀን አምስት ሰው አልጨርስም። ደግሞ ሶማሌ ውርሱ በሃይማኖቱ የተደለደለ ነው፤ አንድ ሰው ለይተህ ስም ጥራ ብትለው ከልጆቼ ልታጣላኝ ነው ወይ ብሎ ይነሣብሃል። ስለዚህ ዘዴ አገኘሁ። ደንበኛውን ማንም ይዞት ይምጣ፣ ያን ሰው ዘወር ብዬ «ስምህ ማነው?» እለዋለሁ። እሱ ምስክር መስሎት ይነግረኛል። እሱን እሞላለሁ። ብልሃተኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ኤዶ ሐሊሞ ካርድ ሊያወጡ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው። እንደ አገሩ ልማድ ታላቅ ታናሹን በራሱ መጠሪያ ስለሚጠራ እሳቸውም እኔን «ኤዶ» ይሉኛል። ፍየልና በግ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ፣ ጠንካራ፣ ቀልደኛ ሴት ናቸው። ይዟቸው የመጣው አብዲ ነበር፤ በቀብሪበያና በጅግጅጋ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ። አብዲ የሐሊሞ ልጅ አይደለም፣ የሟች ባላቸው ልጅ ከሌላ ሚስት ነው። እናቱ ስትሞት ገና ጡት አልጣለም ነበርና ሐሊሞ ከራሳቸው ልጅ ጋር ጎን ለጎን አጥብተው አሳደጉት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። የዚያን ቀን ያልኩት፣ «ላባ ሜሎድ፣ ኤዶ። አንተ ስምህ ማነው?» ብቻ ነው።

ሰባት ወር አለፈ። የሐሊሞን ስልክ የምትይዘው የበኩር ልጃቸው ፋዱማ ናት፤ ገበያ ላይ ልብስ ትነግዳለች፣ ማንበብ ታውቃለች። በየወሩ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ገንዘብ እየጎደለ ሜሴጅ ሲመጣ ጠረጠረች። ጅግጅጋ ስትወርድ ዋናው ቅርንጫፍ ገብታ ጠየቀች። የማያውቃት ወጣት ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አይቶ ወረቀት አተመላት፦ የሕይወት ኢንሹራንስ፣ ወራሽ አብዲ። ፋዱማ ያን ወረቀት ይዛ ወንድሞቿ ፊት ዘረጋችው። የእንጀራ ልጅ እናታችን ስትሞት ገንዘብ ሊበላ ተዋውሎባታል፣ አለች። በዚያው ቀን አብዲን ከቤት አስወጡት። ሚኒባሱ ውስጥ ማደር ጀመረ። ተሳፋሪው ሳይቀር ያንሾካሹክበት ነበር።

ኤዶ ሐሊሞ ሌላ ሰው ሳያስከትሉ ብቻቸውን መጡ። ሰልፉን አልፈው ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያቺን የታተመች ወረቀት ዘርግተው፣ «ኤዶ፣ ይህን ጣት ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ማሳረፌን አልክድም። የዚያን ቀን ምን እንዳልኩ ንገረኝ» አሉኝ።

ፎርማቸውን ከፋይል አወጣሁት። በሁለቱም ገጽ ጥርት ያለ አሻራ አለ። በልማድ ዳር ዳሩን የእርሳስ ጽሑፍ ፈለግሁ። አንድም ነገር የለም። እርሳሱን ከተውኩት ስንት ጊዜዬ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፣ አላስታወስኩም።

«ምንም አላሉም ኤዶ» አልኳቸው። «ያልጠየቅሁዎት እኔ ነኝ።»

«አብዲስ? አብዲ ስሜን ጻፍልኝ ብሎሃል?»

«አላለም። ስሙን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።»

ኢንሹራንሱን ዛሬውኑ እሰርዛለሁ፣ የተቆረጠውም ይመለስልዎታል አልኳቸው። በእጃቸው ወዲያ በል አሉኝ። «ገንዘቡን ፍየል በላችው ብዬ ትቼዋለሁ። አንተ ልጄን መልስልኝ። አርብ ከስግደት በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል። አብዲ አላውቅም ይላል፣ ወረቀቱ ያውቃል ይላል። ሰው ከወረቀት ጋር ተከራክሮ አይረታም።» ሲነሡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አየሁ። እኚህ ቀልደኛ ሴት ከፊቴ እንዲህ ሆነው ሲሄዱ ከማየት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ዳዊት የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነበር፤ ክፋት የለበትም፣ ግን ይፈራል። ነገሩንና ሽማግሌዎቹ ፊት ልናገር መሆኔን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ወደ በላይ ጽፎ ጠየቀ፣ መልሱም በማግስቱ ደረሰው፤ «ደንበኛዋ በአሻራቸው ስምምነታቸውን አረጋግጠዋል» ይላል። «ጋሼ ተስፋዬ፣» አለኝ፣ «እዚያ ሄደህ እኔ ነኝ የጻፍኩት ካልክ ነገ ሌላውም ይመጣል። ማኅደርህ ውስጥም ይገባል። ጡረታህ እኮ ቀርቧል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ይህን አልሰማሁም» አለና የመስክ ሥራ ፈቃድ ፈረመልኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ደንበኛ ለማስተዋወቅ» ብሎ ጽፎበታል።

እስከ አርብ ድረስ አንድ ነገር አደረግሁ። በእጄ የሞላኋቸውን ፎርሞች አንድ በአንድ አወጣሁና የደንበኞቹን ስም ትቼ የወራሾቹን ማንነት ብቻ በወረቀት ገለበጥኩ።

የተቀመጡት ከመስጊዱ ጀርባ ካለች ግራር ሥር ነው። አምስት ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ፣ የሐሊሞ ወንዶች ልጆች በአንድ ወገን፣ አብዲ ብቻውን በሌላ ወገን። ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ነገሩን የሚመሩት ኦዳይ ፋራህ የሚባሉ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንት ነበሩ። ተናገር ሲሉኝ ቆሜ ተናገርኩ። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። እናትየውንም አልጠየቅሁም፣ ልጁም ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ሰልፍ ስለበዛብኝ ነው ያደረግሁት አልኩ።

ፋዱማ ከተቀመጠችበት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ሽማግሌዎች፣ ይህ ሰው የባንክ ሰው ነው። አብዲ ከፍሎት እንዳልመጣ በምን እናውቃለን?» አለች። አልተቀየምኳትም። እናቷን ነው የምትጠብቀው።

ወረቀቴን አወጣሁ። «የሌሎችንም ወራሾች ልንገራችሁ» አልኩ። «የማንንም ስም አልጠራም። አንዲት እናት ጎረቤታቸው ይዛቸው ስለመጣች ጎረቤታቸው ወራሽ ሆናለች። አንድ ሰውዬ የመጡት በአህያ ጋሪ ነው፤ ወራሻቸው ባለ ጋሪው ነው፣ ሒሳቡን ሊቀበል ገብቶ ነበር። ከደብተሬ ገንዘብ አወጣብኝ ብሎ ወንድሙን ሊከስ ከወንድሙ ጋር የመጣ ሰው አለ፤ ወራሹ ወንድሙ ነው። አንድ አዛውንት ደግሞ ብቻቸውን መጡ። የሳቸው ወራሽ የባንካችን ዘበኛ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ ሳቁ ተዛመተ፣ የሐሊሞ ልጆችም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከወደ ሴቶቹ አንዲት፣ «ባለ ጋሪው ያውቃል?» ብላ ስትጠይቅ ባሰ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። አብዲም አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። ፋዱማ አየችው። ተነሥታ ሄደች፣ ከፊቱ ቆመች፣ ከዚያ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሲነሡ ግን እጁን ይዛው ነበር። ኤዶ ሐሊሞ ከሴቶቹ መሃል በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ጫማዬን ፈለግሁ። ኦዳይ ፋራህ ግን፣ «ተቀመጥ» አሉኝ። «የልጁ ክብር ተነክቷል። ለተነካ ክብር ሐል ይከፈላል፣ ደንባችን ነው።» ሐል የይቅርታ ካሳ ነው። ሁለት በግ ፈረዱብኝ። እሺ አልኩ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። «ከማን ጋር ነው የምትከፍለው?» ብለው ጠየቁኝ።

አልገባኝም። «ራሴ ነኝ የምከፍለው» አልኳቸው።

«ሰው ብቻውን አይከፍልም» አሉኝ፣ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው። «አንዱ ሲያጠፋ ወገኑ ሁሉ ያዋጣል። አንዱ ሲበደልም ወገኑ ሁሉ ይካፈላል። ያ ያንተ ኢንሹራንስ የምትለውን እኛ አባቶቻችን ትተውልናል፣ ጣትም አያስነክርም። ያንተ ወገን የታለ?»

አባቴ ሞቷል፣ እናቴም ሞታለች፣ ወንድም የለኝም አልኩ። ጎጃም ዘመድ አለ ይባላል፣ አላውቃቸውም። ተወልጄ ባደግሁበት አገር፣ የአምሳ ስድስት ዓመት ሰው ሆኜ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ፤ ለምዕተ ዓመት ሲፈርዱ ቢቆዩ ወገን የሌለው ከፋይ የገጠማቸው አይመስሉም።

ያኔ አብዲ ተናገረ። ያን ቀን የተናገረው እሱን ብቻ ነው። «ከእኛ ጋር ይቁጠሩት። አንዱን በግ እኛ እንከፍላለን።»

«ካሳው ላንተ እኮ ነው» አሉት ኦዳይ ፋራህ።

«አውቃለሁ። ከእኛ ጋር ይቁጠሩት።»

ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ኦዳይ ፋራህ፣ «ሀዬ» አሉ፣ እሺ ማለት ነው። አንድ በግ ከእኔ፣ አንድ በግ ከአብዲ ተብሎ ተፈረደ። ሁለቱንም እዚያው አረዱና አብረን በላን፤ እኔም የአርብ ጾሜንና የማን እርድ መሆኑን ለዚያች ቀን ትቼ።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ የገለበጥኳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አስጠርቼ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ጠየቅሁ። አብዛኞቹ ኢንሹራንሱን አንፈልግም አሉ፤ ሰረዝኩት። ጥቂቶቹ ሲገባቸው እንፈልጋለን አሉ፣ ወራሽም ራሳቸው ነገሩኝ። የዲስትሪክቱ ማስጠንቀቂያ በማኅደሬ ገባ፤ የዚያ ዓመት ጭማሪዬም ቀረ። ዳዊት ከእኔ በላይ አዘነ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ፍርድ ብዙም አላሰብኩም። ለጊዜው አሳዝኛቸው፣ ለጊዜው ያጽናኑኝ ነበር የመሰለኝ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ጅግጅጋ ቤቴ ተቀምጬ ስልክ ተደወለልኝ። ፋዱማ ናት። የአጎቷ ልጅ የሚነዳው አይሱዙ ሐርተሼክ መንገድ ላይ የሰው ግመሎች ገጭቶ ገድሏል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈርደዋል፣ ወገኑ ድርሻ ድርሻውን እያዋጣ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳታስረዝም የኔን ድርሻ ነገረችኝ። የጡረተኛ ኪስ የሚያሳምም ነበር።

ቁጥሩን ልጽፍ እስክሪብቶ ስፈልግ ስቆይባት መስመሩ የተቋረጠ መስሏት፣ «ተስፋዬ፣ አለህ?» አለችኝ። «ስምህ ከወንድሞቼ ስም ቀጥሎ ተጽፏል። አንተን ሳንጠይቅ ግን አንወስድም። ትገባለህ ወይስ እንሰርዝህ?»

«እገባለሁ» አልኳት። ድምፄ ስለተለወጠባት ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ እገባለሁ አልኳት።